ገሳይ ላይ የጾምኩት የውሸት ጾም

ጥር መጨረሻ ላይ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለእረፍት ሲዘጋ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ተነሳሁ። የሄድኩት አማቴን አባባ ሞላን ለመምከር ነው። ስኳር ተገኝቶባቸው መርፌ ጀምረዋል፤ ምግባቸው ግን አልተለወጠም፤ ድንቹም እንጀራውም ጠላውም እንደ ድሮው ነው። ልጃቸው የሺ፣ ባለቤቴ፣ አራስ ስለሆነች፣ አንተ ታውቀዋለህ፣ እንዴት እንደምትበላ ንገራቸው ብላ ላከችኝ።

የማውቀው ራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። ስኳር ከተገኘብኝ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። እንክብል እውጣለሁ፤ እንጀራና ዳቦ ቀንሼ በእንቁላል፣ በሥጋና በጎመን እኖራለሁ፤ ስኳሬም ወርዶልኛል። ይህን ግን የሚስቴ ወላጆች አያውቁም፤ የሺም እንዳትናገር አስምያታለሁ። ልጃችንን ለበሽተኛ ዳርናት እንዳይሉ ፈርቼ ነው።

መንገድ

ሚኒባሱ መናኸሪያው ውስጥ ሰው እስኪሞላ ድረስ ጥግ ይዤ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ እንቁላል ላጥሁ። ሽታውን ግን ጋቢ አይከልለውም። አጠገቤ የተቀመጡት ነጋዴ መስኮቱን ገርበብ አድርገው የጉናን ብርድ አስገቡብን። እኔም ቅርፊቱን ኪሴ ውስጥ ደበቅሁ። ክምር ድንጋይን ካለፍን በኋላ መንገዱ ዳር ድንች በጆንያ ተደርድሮ ይሸጣል። ድሮ ነፍሴ ነበር፤ አሁን ሳየው ፊቴን አዞራለሁ።

ገሳይ

አባባ ሞላ ደጅ ወጥተው ተቀበሉኝ። ስመውኝ ቤት ካስገቡኝ በኋላ አንድ ጊዜ ብለው ጓዳ ገቡ፤ ቆየት ብለው ወጡ። ባለቤታቸው እማማ ጥሩ፣ ድንች ቅቅል ከነአዋዜው፣ እንጀራ በወጥ፣ ጠላም አቀረቡ። አማት ቤት ሄዶ አልበላም ማለት ነውር ነው። ልናገር የመጣሁትን መናገሪያው ሰዓት ያ ነበር። አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ስእለት አለብኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ» አልኩ።

እማማ ጥሩ ደስ ብሏቸው መረቁኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አሜን አልኩ። አባባ ሞላ ግን ማዕዱ እንዲነሳ አዘዙ።

«እንግዳ ጦሙን ተቀምጦ እኔ አልጎርስም። አብረን እንፈታለን።»

የአገሩ ወግ ነው። እኔም ቀደም ብለው ቁርስ ቀምሰው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። መርፌውን መቼ ተወጉ ብሎ መጠየቅ የስኳርን ወሬ ማንሳት ነው፤ እሱን ደግሞ ሸሸሁ።

ማሳቸውን ሊያሳዩኝ ከጓሮ ይዘውኝ ወጡ። ጥቂት እንደሄድን ንግግራቸው ተደነቃቀፈ። በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሌላ ሰው ስም ጠሩኝና ትልሙ ላይ ቁጭ አሉ። ሐኪም ቤት ሲያስተምሩን ሰምቼዋለሁ፤ ተወግቶ ያልበላ ሰው ስኳሩ ሲወርድ እንዲህ ይሆናል። ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን እንቁላልና ጎመን ብቻ ነው። ማር ይዘው እንዲደርሱ እማማ ጥሩን እየጮህኩ ተጣራሁ።

ማር በውሃ በጥብጠው እየሮጡ መጡ። አባባ ሞላ ገና መዋጥ ስለሚችሉ ደግፌ ይዤ ቀስ እያልን አጠጣናቸው። ዓይናቸው እስኪጠራ ድረስ ጸለይሁ። ከጠዋት ጀምሮ ከአፌ የወጣ እውነት ያ ጸሎት ብቻ ነበር።

ቤት ገብተው እህል ከቀመሱ በኋላ እማማ ጥሩ፣ ስኳር መውረዱን በምን አወቅህ አሉኝ።

«እኔም ስኳር አለብኝ፤ ስእለት ግን የለብኝም» አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

አባባ ሞላ ወደ ጓዳው በር በአገጫቸው ጠቆሙ።

«ቅድም ጓዳ የገባሁት ልወጋ ነበር» አሉ። «መርፌ ስወጋ አማቼ አይየኝ ብዬ። ሁለት ዓይን አፋር ተገናኝተን ለጥቂት ከመቀበር ተረፍሁልህ።»

እማማ ጥሩ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ሁለታችንንም ገላመጡን። ያኔ እንቁላሌን አወጣሁ፤ አባባ ሞላ አንዱን ተቀብለው እየላጡ አዳመጡኝ። እንዴት እንደምበላ ነገርኳቸው። መርፌ የሚወጋ ሰው ግን እንደ እኔ እህሉን ከመቀነሱ በፊት የመርፌውን መጠን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት፤ ተወግቶ መጾም ደግሞ ጭራሽ የለም አልኳቸው። ይህችን ለመናገር የፈጀብኝ ጊዜ ውኃ እንኳ አያፈላም። እሷን መናገር ፈርቼ ነው ሰው ልገድል የደረስኩት።

ወደ ቤት

ከገሳይ በተመለስኩ ቁጥር አንድ ጆንያ ድንች ያሸክሙኛል። ዘንድሮ ግን ከጓሮ የተቀነጠሰ ጎመንና እግሯ የታሰረ ዶሮ ሰጡኝ። ደብረ ታቦር ስደርስ መሽቶ ነበር። የሺ ሕፃኑን ታቅፋ በር ከፈተችልኝ። ድንቹን በዓይኗ ፈልጋ አጣችው፤ ዶሮዋን አየች፤ ፊቷ በራ።

«ነገርካቸው ማለት ነው» አለችኝ።

አዎ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። መጀመሪያ፣ አባቷ ትልም ላይ ተቀምጠው በሌላ ሰው ስም እንደጠሩኝ መንገር ነበረብኝ።