የቀረው ቀኝ እጅጌ

አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ተነሥቼ እጄን ልጨብጥ ብል እንቢ አለኝ። ጣቶቼ መንገድ ላይ ቆሙ። ያን ያህል አላበጡም፤ ግን የራሴ አልመስል አሉኝ። ፊቴን ልታጠብ ውሃ ብዘግን በጣቶቼ መሃል ፈሶ አለቀ። ረፋዱ ላይ ተፍታቱና ረሳሁት። በማግሥቱም እንደዚያው ሆነ። ከሹራቡ ነው አልኩ። ዕድሜዋን ሙሉ ሹራብ ስትሠራ የኖረች ሴት እጇን ቢያማት ሌላ ምን ትበል?

አርባ ምንጭ ተቀምጬ ሹራብ እሠራለሁ ስል የሚስቅብኝ ብዙ ነው። "በዚህ ሐሩር ማን ይለብስልሻል?" ይሉኛል። እኔ የምሠራው ለደጋው ነው። ከጨንቻ፣ ከኦቾሎ ለገበያ የሚወርዱ እናቶች ለልጆቻቸው ያዝዙኛል፤ እዚያ ላይ ጉሙ አንዳንዴ በቀትርም አይለቅም። ደግሞ የራሴ አሠራር አለኝ። ደረትና ጀርባውን ሠርቼ እሰፋለሁ፤ ግራ እጅጌውን እጨርሳለሁ፤ ቀኙን ግን ልጁን በዓይኔ ሳላየው አልጀምርም። ልጅ ያድጋላ! እናት "ይህን ያህላል" ብላ በክንዷ ለክታልኝ ትሄዳለች፤ ተመልሳ ስትመጣ ልጁ ሌላ ልጅ ሆኗል። ስለዚህ ልጁን አቁሜ ግራውን አለብሰዋለሁ። ካጠረ አስረዝማለሁ፤ ቀኙንም በዚያው ልክ ጨርሼ እሰጣለሁ። በዚህ የተነሣ ቤቴ ሁልጊዜ ባለ አንድ እጅ ሹራብ የሞላበት ነው። በካርቶን፣ በማዳበሪያ ከረጢት፣ አልጋ ሥር። ባለቤቴ አየለ ጠዋት ጠዋት "ሕዝብሽ እንዴት አደረ?" እያለ ያሾፍብኛል።

አየለ ሸማኔ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ኦቾሎ። ገብስ ሲደርስ እናቱን ሊያግዝ ይወጣል፤ በተመለሰ ቁጥር ሳል ይዞ ነው የሚመጣው። አንድ ጊዜማ ኒሞኒያ ሆኖበት በመርፌ ነው የዳነ። ሐኪሙ "ደረትዎን ከብርድ ይጠብቁ" አለው። እሱ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ "የጋሞን ልጅ ሁሉ ያለበሰች ሴት ቤት ነው ያለሁት፤ ይበርደኛል እንዴ?" አለ። ሳቅን። ያኔ ግራጫ ክር መርጬ የእሱን ሹራብ ጀመርኩ። ሕመሙ የያዘኝ ግራ እጅጌው ባለቀ ሰሞን ነው። ቀኙ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከእግዚአብሔር የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንን እጅጌ እስክጨርስ እጄን እንዲያቆይልኝ።

እንደማንኛውም ሰው ወደ ወጌሻ ሄድኩ። "ደም ቋጥሮ ነው" አለና በቅቤ እያሸ ጣቶቼን አንድ በአንድ ሳባቸው። ጮኽኩ። "አይዞሽ፣ ሲወጣ ነው የሚያመው" አለኝ። ምንም አልወጣም። በነጋታው የእጄ አንጓዎች ቀልተው እንደ እሳት ይፋጁ ነበር። ከዚያ ጉልበቴ ተከተለ። ከዚያ የእግሬ ጣቶች።

አንዲት ጎረቤት አለችኝ፤ አስም ያለባት። ስቃዬ አንጀቷን በላውና ለራሷ ከታዘዘላት ክኒን ሰጠችኝ። ፕሬድኒሶሎን ይባላል። እኔ ምን አውቃለሁ? ዋጥኩት። በሁለተኛው ቀን እጄ ተከፈተ! ብድግ ብዬ ቡና ቀቀልኩ፣ ልብስ አጠብኩ፣ አየለን በጨበጥኩት እጄ ትከሻውን መታሁት። "ወይ ጉድ፣ ዳንሽ!" አለ። ከፋርማሲ እያስገዛሁ መዋጤን ቀጠልኩ።

ያን ጊዜ ነበር የእሱን ቀኝ እጅጌ መሥራት የነበረብኝ። ክሩን አውጥቼ ሹራብ መሥሪያ ዘንጎቹ ላይ ዓይን ማስገባት ጀምሬ ነበር፤ እኛ ሹራብ ሠሪዎች አንዷን የክር ቀለበት ዓይን እንላታለን። ግን ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ደጄን ሞሉት። አየለ አየኝና "የሰዎቹን አስቀድሚ። የኔ ክንድ እንደሆነ አያድግ!" አለ። ክሩን መልሼ አስቀመጥኩት። የስንቱን ልጅ እጅጌ በዚያ ክኒን ጉልበት እንደጨረስኩ እንጃ። ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። ሰው ሁሉ "ወፈርሽ፣ ተመቸሽ" ይለኝ ነበር።

ከዚያ ክኒኑ ከከተማው ጠፋ። ፋርማሲው ሁሉ "የለም" አለ።

እጄ ተዘጋ። ከበፊቱ ባሰ። ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። አስመለሰኝ። ዓይኔ ጨለመ። አየለ አዝሎ ባጃጅ ውስጥ አስገባኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቁርጥራጩን ብቻ ነው የማስታውሰው። ግሉኮስ። የራጅ ጠረጴዛው ቅዝቃዜ። ደም የምትቀዳኝ ልጅ ቀዝቃዛ ጣት። ፊቴን የነፋውም፣ በድንገት ሲቋረጥ የጣለኝም ያ ክኒን እንደሆነ ኋላ ነው የሰማሁት።

የውስጥ ደዌ ሐኪሟ ወጣት ናት። እጆቼን በሁለት እጇ ይዛ አንጓዎቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገች።

"እናቴ፣ ይህ ድካም አይደለም። ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። የሰውነትዎ መከላከያ ተሳስቶ የራስዎን አንጓ እያጠቃ ነው።"

"ይድናል?"

"እንቆጣጠረዋለን።"

ጥያቄዬን እንዳልመለሰችልኝ ገባኝ። "ቁርጡን ንገሪኝ ልጄ" አልኳት።

ራጁን ወደ መስኮቱ አነሣች። "የሚጀምሩት መድኃኒት ወደፊት የሚመጣውን ጉዳት ነው የሚያስቆመው። የተበላው አጥንት አይመለስም።"

"ሹራብስ?"

"አይመስለኝም" አለች።

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም። የሰማው አየለ ነው።

ሜቶትሬክሴት ጀመርኩ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ በየእሑዱ፣ ከፎሊክ አሲድ ጋር። እሑድ ማታ ያቅለሸልሸኛል፤ ሰኞ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጥዬ እውላለሁ። ጉበቴን ለማየት በየጊዜው ደም እሰጣለሁ። ወራት ካለፉ በኋላ ትኩሳቱም እብጠቱም ጋብ እያለ መጣ፤ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር፤ ብርጭቆ በሁለት እጄ አቅፌ ውሃ መጠጣት፣ ቀስ ብዬም ቢሆን ነጠላዬን ራሴ መልበስ ቻልኩ፤ ሐኪሟም የደም ምርመራዬን እያየች "ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው" ትላለች። እሷን ደስ እንዲላት እኔም "ተመስገን" እላለሁ። ጣቶቼ ግን ወደ ጎን እንደተጣመሙ ቀሩ። ዘንጉን ስይዘው ይወድቃል። አነሣዋለሁ፤ ይወድቃል። አንድ ቀን የአየለን እጅጌ ልጀምር ጠዋቱን ሙሉ ታግዬ ጥቂት ዓይን አስገባሁ። ዞር ስል ሁሉም አምልጠው ክሩ ባዶውን ቀረ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የቀሩትን ሌላ ሰው ይጨርሳቸው ብዬ አንዱን ሲቀላ ሰፈር ላለች ሹራብ ሠሪ ሰጠሁ። ጎበዝ ናት፤ ጥፋቷ አይደለም። ክር የማጥበቅ ልክ ግን ከእጅ እጅ ይለያያል። ቀኙ እጅጌ የግራው ታናሽ ወንድም መስሎ መጣ። የልጁ እናት አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ አልብሳውም ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ መተርተር ጀመርኩ። ለመተርተር ጣት ማጠፍ አያስፈልግም፤ ጫፉን አንጓዬ ላይ ጠምጥሜ መሳብ ብቻ ነው። ከረጢቶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ሕዝቤን በሙሉ ፈታሁት። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ የጨንቻዋ ልጅ ቢጫ። አየለ ክሩን እየተቀበለ በሸማኔ እጁ ይጠቀልልልኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት እየፈረሰ ወደ ክር ሲመለስ ማየት ሆድ ያስብሳል፤ ግን ከረጢት ሙሉ ባለ አንድ እጅ እያየሁ ከማደር ይሻላል። ክሩን ለዚያችው ለሲቀላዋ ሰጠኋት።

በመጨረሻ ግራጫው ቀረ። ጫፉን ስፈልግ አየለ እጄ ላይ እጁን ጫነ።

"ይሄን ተዪው።"

"ምን ያደርግልሃል? ሰው ይስቅብሃል።"

"የኔ አይደለም እንዴ?" አለና ቀምቶኝ ለበሰው። ግራ ክንዱ ሙሉ፣ ቀኙ ከትከሻው ጀምሮ ራቁቱን። ከላይ ቡሉኮውን ደረበና ቀኝ እጁን ከውስጥ ደበቀ። "ታዲያ ማን ያያል?" አለ።

እንግዲህ የእኔ ሕመም ያላችሁ፣ ላታልላችሁ አልችልም። እኔ ዘግይቻለሁ፤ የሄደው አልተመለሰም። እናንተ ግን ጠዋት እጃችሁ አልጨበጥ ብሎ ረፋዱ ላይ ከተፍታታ፣ በማግሥቱም ከደገመ፣ ሥራ ነው ብላችሁ አትለፉት። ለወጌሻ አትስጡት። የሰው ክኒን አትዋጡ፤ ሐኪም ያዘዘላችሁንም በገዛ እጃችሁ ድንገት አታቁሙ። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ በየቀኑ ብትወስዱት ይገድላችኋል። ደግሞ ለቤታችሁ ሰው የጀመራችሁትን ነገር ለነገ አታሳድሩት። እሱ ራሱ "የኔ ይቆይ" ቢላችሁም አትስሙት።

ሐኪሟን እግዚአብሔር ይስጣት፤ እውነቱን ነገረችኝ። ጎረቤቴንም፤ ክኒኑን የሰጠችኝ አዝናልኝ ነው። አየለን ግን በምን ቃል እንደማመሰግነው አላውቅም። በዚህ ሰሞን ከኦቾሎ፣ ከገብስ አጨዳ ተመለሰ። ገና ከበሩ ሳይገባ ሳሉን ሰማሁት። ቡሉኮውን አወለቀ፤ ሹራቡ የገብስ ገለባ ይዟል።

"በረደህ?" አልኩት።

ሊዋሸኝ እንደፈለገ አየሁት። ቀኝ ክንዱን አሸት አሸት አደረገ።

"ግራውን አልበረደኝም" አለ።