ኬች አፕ የማይችለው ዲዛይነር

ሶዶ ውስጥ አንድ ድርጅት የቤት ውስጥ ዲዛይነር ይፈልጋል ሲባል፣ ሥራ በመፈለግ ዓመት ሊሞላኝ ነበርና ከቢጠና በጠዋት ሚኒባስ ገስግሼ መጣሁ። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ኬች አፕ በሚገባ የሚችል» ይላል። የድርጅቱ ጸሐፊ ስትተይብ «ስ»ን ዘላታለች፤ የፈለጉት ቤት በኮምፒውተር የሚነደፍበትን ስኬች አፕን ነው።

ጓደኛዬ «ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቃል እንዳለ ገልብጥ፤ እነሱ የሚያዩት ቃሉን ብቻ ነው» ብሎ መክሮኝ ነበር። እኔ ግን ሐቀኛ ነኝ አይደል? ሲቪዬ ላይ የምችለውን ብቻ፣ ያውም በትክክለኛ ስሙ ጻፍኩ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሥራ አስኪያጁ ሲቪዬን አገላብጦ ከልቡ አዘነልኝ።

«ሁሉም ጥሩ ነበር። ኬች አፕ ግን የለህም።»

«ጋሼ፣ እሱ የፊደል ስህተት ነው። ስኬች አፕ ለማለት ነው።»

«ሌሎቹ አመልካቾች እኮ ሁሉም አላቸው! ከአንተ በፊት የገባችው ልጅ የአራት ዓመት ልምድ አላት።»

«ኬች አፕ እኮ ከችፕስ ጋር የሚበላው ነው» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የኔ ወንድም፣ የማያውቁትን ሙያ ማንቋሸሽ ጥሩ አይደለም» አለኝ። ስለ ምክሩ አመስግኜ ወጣሁ።

እኔ መንገድ ዳር ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ያቺን ባለልምድ ልጅ መልሰው ሲያስገቧት አየሁ፤ ቀጠሯት ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ እየሮጠች መጣች። እንኳን ደስ አለሽ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ወንድሜ፣ በእግዚአብሔር፣ ሰኞ ጀምሪ ብለውኛል። ይሄ ኬች አፕ የሚሉት ነገር ምንድን ነው?»