ለምንሽሩ የመጣ ጥይት

ጂንካ ዝናቡ ሲበረታ ሣጥን ውስጥ ያለ ልብስ እንኳ ይሻግታል። ዛሬ ጠዋት ልብሴን ላናፍስ ስል የፍየል ቆዳ ከረጢቷ ከሥር ወጣች። ገና ሳልፈታት የሞራው ሽታ አፍንጫዬ ደረሰ፤ የቆየ፣ ጭስ ጭስ የሚል ሽታ። ለእኔ ይህ ሽታ አባቴ ነው።

ያኔ የምንኖረው ወይጦ ነበር፤ ከመኪናው መንገድ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ዳር ካለው ማሽላችን አጠገብ። አባቴ ምንሽር ነበረው። ጠመንጃውንም ጥይቱንም ዝገት እንዳይነካው በየጊዜው ሞራ ይቀባቸዋል። እናቴ እያየችው፣ «የእኔን ፀጉር እንዲህ ቀብተኸው ብታውቅ» ትለው ነበር። እሱ ይስቅና መቀባቱን ይቀጥላል።

ምንሽሩን ብቻውን አልገዛውም። ወደ ጨው ባሕር አቅጣጫ፣ አርቦሬ አገር፣ አንድ ወዳጅ ነበረው። በእኛ አገር ወዳጅ ማለት ከብትህን የምታስቀምጥበት፣ በድርቅ ጊዜ ልጆችህን የምትልክበት ሰው ነው። ሁለቱ በወጣትነታቸው ጠመንጃ ሊገዙ ሲነሱ አንድ ዓይነት እንዲሆን ተማከሩ። የአንዱ ጥይት ሲያልቅ ከሌላው እንዲያገኝ ነው። በየበጋው ወይ እሱ ይመጣል ወይ አባቴ ይሄዳል። ያላቸውን ጥይት ቁርበት ላይ ዘርግፈው እኩል ይካፈላሉ። ናሱ እርስ በርሱ ሲጋጭ የሚያሰማው ድምፅ፣ በግራሩ ቅጠል መሃል የሚወርደው ብርሃን ላዩ ላይ ሲያብረቀርቅ፣ አሁንም ይታየኛል። ወዳጁ መጀመሪያ የሚመርጠው አሮጌ አሮጌውን ነበር፤ አዲሱን ለአባቴ ይተውለታል። አባቴም ሰውየው ዞር ሲል አዲሱን መልሶ ወደ እሱ ድርሻ ይገፋው ነበር።

ዓመታት ሲያልፉ የምንሽር ጥይት ከገበያ እየጠፋ መጣ። እፍኝ ጥይት አንድ ጊደር እስከማውጣት ደረሰ።

ከዚያ መንግሥት ወደቀ። የተበተነው ወታደር ወደ ኬንያ ድንበር ለመድረስ በመንገዳችን ይጎርፍ ጀመር፤ እግሩ የቆሰለ፣ የተራበ፣ ክላሹን በምግብና በሲቪል ልብስ የሚለውጥ። ወንድሜ በዚያ ዓመት ከብቱን ወደ ታችኛው ግጦሽ ይዞ ሊወርድ ተራው ደርሶ ነበር። ዘራፊ የሚመጣውም እዚያ ነው።

«አባ፣ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ክላሽ ይዘዋል» አለው። «ጥይት ቢያልቅብኝ ከማን ልበደር? አርቦሬ ድረስ ልሂድ?»

«ወታደሩ ሲሄድ ጥይቱም አብሮት ይሄዳል» አለ አባቴ።

«በየቤቱ የገባው የት ይሄዳል?»

አባቴ ብዙ ቀን አኮረፈ፤ እናቴም እስኪበርድለት ተወችው። በመጨረሻ ምንሽሩን አንድ ነጋዴ ገዛው፤ ብሩ ለአንድ ወታደር ተሰጥቶ ክላሽ ሆነ። አባቴ ወታደሩ ሲበርደው አይቶ ኮቱንም ጨመረለት። ነጋዴው ምንሽሩን ተሸክሞ ወደ መንገዱ ሲወጣ አባቴ ማሽላው ውስጥ ገብቶ ቆየ። ወፍ ሲያባርር ይሰማኝ ነበር፤ ማሽላው ግን ገና አላፈራም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ፣ በጋውን ሳይጠብቅ፣ ወዳጁ መጣ። አቧራ ለብሶ፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ጥይት የሞላባትን ይህቺን ከረጢት ከትከሻው አወረደ። በዚያን ጊዜ ቁርበት ለማንጠፍ ወጥቼ ነበርና ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ጠመንጃው የት ነው?» አለ።

«ልጁ ይዞት ወርዷል» አለ አባቴ።

ሐሰት አልነበረም፤ ወንድሜ ጠመንጃ ይዞ ወርዷል። የትኛውን እንደሆነ ግን አባቴ መናገር አቃተው። ወዳጁን ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ «ከምንሽርህ ጋር ብቻህን ጥዬሃለሁ» እንደ ማለት ሆነበት መሰለኝ። ሰውየው ፊቱ በራ።

«እንግዲያው ዘንድሮ አንካፈልም። ሁሉም ለልጁ ይሁን። እኔ ጠመንጃዬ ውስጥ ያለው ይበቃኛል፤ ሽማግሌ ላይ ማን ይመጣል?»

አባቴ እንቢ አለ። ሰውየው ግን ከረጢቷን ምሰሶው ላይ ሰቀላት። በማግስቱ ሲሄድ አባቴ ወንዙ ድረስ ሸኘው፤ ከወትሮው ርቆ ነው የሸኘው። ሲመለስ እናቴ፣ «ነገርከው?» አለችው።

«በበጋ እኔ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ። ጥይቱንም እመልስለታለሁ።»

ወንድሜ ታች ግጦሹ ላይ እውነትም ዘራፊ ገጠመው። ጥይቱ አለቀበት፤ ከጎኑ ከነበረው ጎረቤት ልጅ ተበደረ፤ ከብቱንም ራሱንም ይዞ ተመለሰ። ምርጫው ልክ ነበር። ይህን ማንም አይክድም፤ እኔም አልክድም፤ ወንድሜ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል።

በጋው ሳይገባ ግን ከአርቦሬ የወዳጁ የእህት ልጅ መጣ። ቁጭ እንዲል ብንለምነውም ቆሞ ነገረን። ዘራፊዎች ሌሊት ከብቱ በረት መጥተው ሽማግሌው ወጣባቸው። ቶሎ ቶሎ ሲተኩስ ወደኋላ ብለው ነበር።

«ከዚያ ጥይት አለቀበት» አለ ልጁ። «ሮጠን ደረስንለት። የያዝነው ግን የክላሽ ጥይት ነው፤ ለእሱ ጠመንጃ አይሆንም።»

ልጁ ስለ ከረጢቷ አያውቅም ነበር። አባቴ ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ፤ እዚያው ተሰቅላ ነበር። ከዚያ ልጁን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን በልጁ ትከሻ ላይ አስደገፈ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በበጋው ለለቅሶ ሲሄድ ከረጢቷን ይዟት ሄደ። ይዟት ተመለሰ። ወንድሜ አንድ ቀን፣ «አባ፣ ጠመንጃው የለም፤ ይህን የሚገዛ ሰው ይገኛል» ቢለው ቀና ብሎም አላየው። እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ይወለውላል፣ ሞራ ይቀባል፣ መልሶ ይቋጥራል።

ዛሬ ከገበያ ትንሽ ሞራ አስመጥቻለሁ። ዝናቡ ጋብ ሲል በረንዳው ላይ ቁርበት አነጥፌ እቀመጣለሁ። አባቴ ያደርግ እንደነበረው አሮጌ አሮጌውን በአንድ በኩል፣ አዲሱን በወዳጁ ድርሻ በኩል አደርጋለሁ።