እርጥብ ደክ ላይ የቆሙ ሽማግሌዎች

ልዑልሰገድን ቁጭ ብሎ ያዩት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም የሚነዳው አውቶብስ ተሳፋሪዎች ናቸው። ከመሪው ከተነሳ ግን ሜልበርን፣ ፖይንት ኩክ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቱ ውስጥ የማይነካካው ነገር የለም። የጠበቀውን ቧንቧ ያጠብቃል፤ ቀጥ ብሎ የተሰቀለውን ፎቶ ቀጥ ያደርጋል። ሆዱን የሚበላው ጉዳይ ካለ ደግሞ ቤተሰቡ መፍቻና መዶሻ መደበቅ ይጀምራል።

በዚያ የግንቦት ሳምንት ሆዱን የሚበላው ጉዳይ ነበረው። አናንያ የሚባል ወጣት የልዑልሰገድን ልጅ ሩታን ሊያገባ እሑድ ሽማግሌ ይልካል። ሩታ ተስማምታለች። እናቷ የሺሀረግ ተስማምታለች። የጎረቤቱ ውሻ እንኳ አናንያ ሲመጣ መጮኽ ትቷል። የቀረው የአባት ቃል ብቻ ነው። የልዑልሰገድ ችግር አናንያ ላይ እንከን ማጣቱ ነበር፤ ቢያገኝበት እንዴት በተገላገለ። ስለዚህ "ክረምቱ ይለፍና በመስከረም ኑ" ብሎ ሊመልሳቸው ወሰነ። ከወሰነ በኋላ ግን መቁነጥነጡ ባሰበት።

ዓርብ ከሥራ እንደገባ ደኩን ለክረምት ላሰናዳ ብሎ ጓሮ ወጣ። ደኩ ከሳሎኑ የመስታወት በር እስከ ጎን አጥሩ መግቢያ የተዘረጋ የእንጨት በረንዳ ነው። የአበባ ማሰሮዎቹን አነሳ፤ ከሥራቸው እንጨቱ በእርጥበት ጠቁሯል። በሳንቃዎቹ መሃል የተወተፈውን የባሕር ዛፍ ቅጠል በአሮጌ ቢላ ፈለቀቀ፣ የላሉትን ብሎኖች አጠበቀ፣ ሁሉንም በሳሙናና በቡርሽ ፈተገ። ቅዳሜ ሸካራ ሸካራውን በብርጭቆ ወረቀት አለሳለሰና የእንጨት ዘይቱን ከፈተ።

ጣሳው ላይ "በስሱ ይቀባ" ተብሎ ተጽፏል። አነበበውና ናቀው። ነገ እንግዳ በሚመጣበት ቤት ምን የሚሉት ስስት ነው? በቡርሽ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አለበሰው።

"ልዑሌ፣ እሱ እኮ እንጨት ነው" አለችው የሺሀረግ በመስኮት። "እስኪሰክር ካላጠጣሁት ትላለህ?"

"ክረምቱ ረጅም ነው። ይጥገብ።"

እሑድ ደኩ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ጣቱን ቢያስነካው ጣቱ አልላቀቅ አለ። ሆኖም አልተጨነቀም፤ እንግዶቹ የሚገቡት በፊት በር ነው። ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከፊት በሩ ጀርባ ይንጎራደድ ጀመር። ደወሉ መሥራቱን ለማረጋገጥ ደጋግሞ ራሱ ደወለ፤ በሩንም ራሱ ከፈተ።

አንድ ነገር ግን ዘንግቷል። ያን ደወል የሚደውለው ዕቃ አድራሽ ብቻ ነው። ሐበሻ ከሆነ በጎን አጥሩ ገብቶ ጓሮ ነው የሚከሰተው።

"ቤቶች!" አለ ከጓሮ አንድ ድምፅ።

እየሮጠ ሄዶ የመስታወቱን በር ሲከፍት፣ የሽምግልናው መሪ ጋሽ ገብረጻድቃን ከቤተ ክርስቲያን በመጡበት ነጠላ፣ ሁለት ሽማግሌዎችን ግራና ቀኝ አድርገው ደኩ መሃል ቆመዋል።

"ግቡ፣ ግቡ እባካችሁ።"

"ቃል ሳንቀበል አንገባም፤ አንቀመጥምም" አሉ ጋሽ ገብረጻድቃን። ወጉ ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ይቆማል።

"አውቃለሁ ጋሼ። ግን ሳሩ ላይ ቢቆሙልኝ?"

"ሳር ላይ? ምነው፣ በጎች ነን?"

"ዘይቱ አልደረቀም።"

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ። አንድ እግራቸውን ሲያነሱ የጫማቸው ሶል እንደሚቀደድ ሸራ ጮኸ። መልሰው እዚያው ተከሉት።

"እንግዲያው ደግ ሆነ" አሉ። "አንተ በፈጠንክ ቁጥር እንጨትህ ይተርፋል። አናንያን ልጅህ አድርገው ብለን መጥተናል።"

"ክረምቱ ይለፍና በመስከረም..."

"እስከ መስከረም እንቆማለን። የእኔ ጉልበት ቢከዳ ዘይትህ ደግፎ ይይዘኛል።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ከባሕሩ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ስልኩ እስከ ሰኞ ዝናብ የለም ብሎት ነበር፤ የሜልበርን ሰማይ ግን ስልክ አያነብም። ያልደረቀ ዘይት ላይ ዝናብ ከወረደ እንጨቱ በነጭ ነጠብጣብ ይዥጎረጎራል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ጋሽ ገብረጻድቃን እግር ሥር ጠብ አለች።

ልዑልሰገድ ግን አላያትም። ዞር ሲል ሩታን ነበር ያየው። ሳሎን ውስጥ ቆማ ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው ትቀያይራለች፣ የእጅጌዋን ቁልፍ ትፈታለች፣ ትቆልፋለች፣ መልሳ ትፈታለች። ቁጭ ማለት ያቃተው ገላ እንዴት እንደሚያሰቃይ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህችን ልጅ እስከ መስከረም እንዲህ ሊያቆማት ነው?

"ጋሼ" አለ። "ልጄ አድርጌዋለሁ። ሰጥቻለሁ።"

የሺሀረግ እልልታዋን አቀለጠችው። ሽማግሌዎቹ እየተላቀቁ ገቡ፤ ከደኩ እስከ ሶፋው ድረስ ምንጣፉ ላይ የዘይት ዱካ ተከተላቸው። በሌላ ቀን ቢሆን ለዚያ ምንጣፍ ሰው የምትገድለው የሺሀረግ እልልታዋን አላቋረጠችም።

ዝናቡ በረታ። ልዑልሰገድ በሩ ላይ ቆሞ ደኩ ሲዥጎረጎር ያያል። ሩታ መጥታ ክንዱን ያዘች።

"ዳዲ፣ ቢ ኦነስት፤ እውነቱን ንገረኝ" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እሺ ያልከው ከደክህ ላይ እንዲነሱልህ ነው?"

"ለደኩማ ብዬ ቢሆን" አላት፣ "ገና ሲረግጡት እሺ እል ነበር።"