የቄስ ገብረየሱስ ትንፋሽ

ባለቤቴ ቄስ ገብረየሱስ ሞላሌ አጠገብ ባለች የገጠር ደብር ያገለግላሉ። ቤተ ክርስቲያኗ ዳገቱ አናት ላይ ናት፤ ቤታችን ከሥሩ። ማን እዚያ ላይ እንደተከላት አላውቅም፤ ባውቀው ግን የምለው ነበረኝ።

ድሮ ያንን ዳገት ሲወጡት እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ሳልጨርስ እሳቸው ደጀ ሰላሙ ደርሰዋል። የዛሬ ስንት ዓመት ሳል ይዟቸው ጤና ጣቢያ ቢሄዱ ነርሷ ደረታቸውን አዳምጣ፣ "አባ፣ ልብዎ ላይ ያላማረኝ ድምፅ አለ" ብላ ደብረ ብርሃን ላከቻቸው። ሐኪሙም ደም ከልብ የሚወጣበት በር ጠበብ ማለት ጀምሯል፣ በየዓመቱ እየመጡ ይታዩ አላቸው። "እግዚአብሔር ቢፈቅድ" አሉ። እግዚአብሔር መቼ ከለከላቸው፤ አልሄዱም እንጂ።

ከዚያ መቆም ጀመሩ። መጀመሪያ ዳገቱ አጋማሽ፣ ትልቁ ድንጋይ ዘንድ። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዝም። ቄስ መንገድ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ከቆመ እኛ አገር ይጸልያል ነው የሚባለው። ከኋላ የሚመጣው ሁሉ አብሮ ይቆማል፤ ሲጨርሱ መስቀል ተሳልሞ ያልፋል። ሲከርም ከድንጋዩ በታች ሌላ መቆሚያ ተጨመረ። ሲቆይ ደግሞ ገና ከደጃችን ፈቀቅ እንዳልን መቆም ሆነ። ልባቸው በደከመ ቁጥር ስማቸው ገነነ። እንዲህ ያለ ጸሎተኛ አላየንም እያሉ ከራቤል ድረስ መስቀላቸውን ሊሳለሙ የሚመጡ ነበሩ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ከቅዳሴ ሲወጡ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሰዉ ጾም ነው አለ። ጾም ሰው እንዴት እንደሚያደክም እኔም አውቃለሁ፣ አብሬ ጾሜያለሁ፤ ይኼ ሌላ ነው። እየተነጫነጩ አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ ደብረ ብርሃን ወሰድኳቸው።

ሐኪሙ ልባቸውን በመሣሪያ አየ። "በሩ ኖራ እንደተለሰነ ደርቆ በጣም ጠቧል" አለ። "ልብዎ በዚያ ጠባብ በር ደም ለመግፋት ሲታገል ጡንቻው ወፍሯል። ሕመም የማይሰማዎት ከሆነ እየተከታተልን መቆየት እንችላለን። ትንፋሽ የሚያጥርዎት ከሆነ ግን በሩ ቶሎ መቀየር አለበት፤ ከዘገየ ልብዎ ይደክምና አይመለስም። የወደቁት በምንድን ነው?"

"ጾም ነው።"

"ዳገት ሲወጡስ ይቆማሉ?"

"ለጸሎት እቆማለሁ" አሉ፣ መስቀላቸውን ጠበቅ አድርገው።

ለስማቸው ብለው ሊሞቱብኝ ነው። ፈራሁ፤ ደግሞም ተናደድኩ።

"ዶክተር፣" አልኩት፣ "የሚጸልዩት ዳገት ላይ ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ሲጸልዩ አይቼ አላውቅም።"

ቄሱ ወለል ወለሉን አዩ። "እውነቷን ነው" አሉ። "ደረቴንም ጭምድድ ያደርገኛል።"

አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ተያዘላቸውና ተመለስን። እሑድ ጠዋት ቀስ እያልን ስንወጣ ድንጋዩ ዘንድ ቆሙ። ከኋላ ያለውም ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ቄሱ ዓይናቸውን ገልጠው ዞሩ።

"ልጆቼ፣ ጸሎት አይደለም። ትንፋሽ አጥሮኝ ነው። ይቅር በሉኝ።"

ጎረቤታችን አቶ ይታየው ናቸው የመለሱት።

"እናውቃለን፣ አባታችን። እርስዎ እስኪያርፉ ብለን ነው እኛም የምንቆመው። ደከመዎት ወይ ብለን በምን አፋችን እንጠይቅዎ?"

"አክብሮታችሁ ሊቀብራቸው ነበር" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ አድርጌ።

አቶ ይታየው የበግ ጠጉር ባናቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ አጥፈው ድንጋዩ ላይ አነጠፉት። ቄሱም ሰው ሁሉ እያያቸው ተቀመጡ።