አምስተኛው እንግዳ

መምህርት ብርቅዬ የካምባ ልጅ ናት፤ ሲቀላ ሰፈር የሕፃናቱን ኦ ክፍል ማስተማር ከጀመረች ቆይታለች። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ በሚወርደው ሚኒባስ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ጉልበቷ ላይ የማያየው ነገር የለም፤ አንድ ቀን ቆርኪ፣ ሌላ ቀን የበቆሎ ቆረቆንዳ። ጠይቋት፣ ትነግራችኋለች። "ሰሌዳ ላይ የተጻፈ አምስት ለሕፃን ሥዕል ነው። በመዳፉ ሲይዘው ግን የሱ ይሆናል።"

ከሠራቻቸው የመቁጠሪያ መጫወቻዎች ሁሉ አብልጣ የምትወደው ትንሿን የቀርከሃ ቤት ነበር። ዶርዜ ተወልደው ከተማ ውስጥ የሚሸምኑት ጎረቤቷ ጋሽ ኤርጫፎ ናቸው ያገዟት፤ ልክ እንደ አገራቸው ቤት ዝሆን የመሰለች፣ ከፊቷ አፍንጫዋ ወጣ ያለ። መግቢያዋም በዚያው በአፍንጫዋ ነው። ልጆቹ ፍሬ እያስገቡ "እንግዳ መጣ፣ አንድ! እንግዳ መጣ፣ ሁለት!" ይላሉ። መቀነስ ሲሆን ደግሞ በጀርባዋ ባለው ቀዳዳ "እፍ!" ይሉባታል፤ እንግዳው ተንከባሎ ይወጣል።

እንግዶቹ መጀመሪያ ባቄላ ነበሩ። ልጆቹ ቆረጣጥመው ጨረሷቸው። ብርቅዬም በጉሎ ፍሬ ተካቻቸው፤ ለስላሳ፣ ዥጉርጉር፣ እጅ የሚወደው። ምጣድ የሚታሰሰው በሱ አይደል? ከየትኛው ቤት ይጠፋል?

አንድ ቀን ዕረፍት ሊደወል ሲል ሞግዚቷ እትዬ በለጥሽ ፍሬውን ከነጣሳው ሲሰበስቡ እጃቸው ቀጥ አለ።

"አንቺ ልጅ! ይሄ ጉሎ አይደለም እንዴ?"

"ነው። ምነው?"

"ምነው ትላለች ደግሞ! የእህቴ ፍየል ይህን አኝካ ነው የሞተችው። ለምጣድ ነው እንጂ ለልጅ ማን ሰጠው?"

ብርቅዬ ልትስቅ ነበር። ሳቁ ግን ከአፏ አልወጣም። ለየልጁ በጣሳ አምስት አምስት ነበር ያደለችው፤ ሮጣ ቆጠረች። የአንዱ ጣሳ አራት ሆነ፤ የማን እንደሆነ ግን አይለይም። ምንጣፍ ተነሣ፣ ጫማ ተራገፈ፣ ኪስ ተገለበጠ። የለም።

አንዱ ልጅ አኝኮ ውጦት ከሆነ ማንን ይዛ ትሩጥ?

"ልጆች፣ ፍሬውን የዋጠ ማነው?"

"እኔ! እኔ ቲቸር! እኔ!" እጅ ሁሉ ወደ ላይ። እንዲህ ያስለመደቻቸው ራሷ ናት፤ እጁን ላላወጣ አይጨበጨብም።

"ያልዋጠስ?"

"እኔ! እኔ!"

"እመብርሃን ድረሽ!" አሉ እትዬ በለጥሽ። "በይ ሁሉንም ባጃጅ ላይ እንጫናቸው!"

ብርቅዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እዚያ ስትቀመጥ ዓይኗ ከልጆቹ ዓይን ጋር እኩል ሆነ፤ እጁን ያላወጣ አንድ ልጅ አየች። ሲላስ ነው። አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል።

"ሲላስዬ፣ እንግዳህ የት ገባ?"

"ቤት።"

"የት ቤት?"

ጣቱን ወደ አፍንጫው ወሰደ። "በአፍንጫ ነው የሚገባው" አለ፣ የማታውቀውን የሚያስረዳት ይመስል።

ቀና አድርጋ አየችው። የፍሬው ጀርባ ብቻ ጥቂት ይታያል። እትዬ በለጥሽ ጣታቸውን ሲሰዱ እጃቸውን ያዘች።

"ይተዉ! ይገፉታል!"

የልጁ ፊት መጨማደድ ጀመረ። ካለቀሰ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ብርቅዬ የቀርከሃዋን ቤት አንሥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"ሲላስ፣ መሸ። እንግዳ ወደ አገሩ ይሂድ። አፍህን ዝጋ፤ ይሄኛውን በር እኔ እዘጋለሁ።" ባዶውን የአፍንጫ ቀዳዳ በአውራ ጣቷ ደፈነችው። "አሁን በአፍንጫህ። ልጆች፣ እንግዳው ይውጣ!"

"እፍ!" አለ ክፍሉ በሙሉ።

አረፋ ብቻ ወጣ። ልጁ ትንሽ ትንፋሽ ሳበ፤ ብርቅዬ "ወደ ውጭ!" አለችው። "እፍ!" አሉ ደግመው። ፍሬው ከነንፍጡ ተስፈንጥሮ የእትዬ በለጥሽ ነጠላ ላይ አረፈ። ቅርፊቱ አልተሰነጠቀም።

"አራት ቀረ!" ብለው አጨበጨቡ ልጆቹ።

ያም ሆኖ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ለእናቱም ጥፋቷን ሳትደብቅ ነገረቻት። ጉሎውን ጉድጓድ ከተተችው። ጋሽ ኤርጫፎ ሲሰሙ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥለው ሳቁ። "የኛ ቤት አፍንጫ እንግዳ ያስገባል አልን እንጂ የልጅ አፍንጫ መች አልን?" አሉና ትልቅ ፍሬ እንዲያስገባ የቤቷን በር አሰፉላት።

አሁን እንግዶቹ የደረቀ የማንጎ ፍሬ ናቸው፤ ሻካራ፣ የሕፃን መዳፍ የሚሞሉ። እፍ ቢባሉ ንቅንቅ አይሉም፤ በእጅ ነው የሚወጡት። አዲስ ልጅ ክፍሉን ሲቀላቀል ታዲያ ሲላስ አንዱን አንሥቶ አፍንጫው ላይ ይለካና "አየህ? አይገባም" ይለዋል።