ሁለት ጣውንቶች በአንድ ሃርድ ዲስክ

ሲታን ትራኦሬን ሴጉ ከተማ ውስጥ ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቃታል። ዓርብ ዓርብ በሰፈራችን ሬድዮ የሴቶችን ጨዋታ የምታቀርበው እሷ ናት። መቅረጫዋን አንጠልጥላ ገበያ ስትወርድ ዓሣ ሻጮቹ ሳይቀሩ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። ጎረቤቷ ስለሆንኩ ከግቢያቸው የሚያመልጠኝ ወሬ የለም።

ባሏ ለሁለት ሚስቶቹ የገዛው ኮምፒውተር አንድ ነው። ሁለተኛዋ ናሱን፣ ካገባች ስንት ዓመቷ፣ ዛሬም «ሙሽሪት» ነው የምትባለው፤ የቀሚስ ጥልፍ ንድፍ ታወጣበታለች። ደንበኞቿ በፍላሽ የሚያመጡት ቫይረስ የሲታንን ቀረጻዎች እየበላ ሲያስቸግር፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ ቡራማ ዲያራ ሃርድ ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ ለየራሳቸው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫነላቸው። ለጥልፉ ሰፋ ያለ ቦታ ሊሰጥ ነበር፤ ባልየው ግን «ሁለት ሚስት ባለበት ቤት እኩል ነው እንጂ ሌላ ሂሳብ የለም!» አለው። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ሁለት ስም ይመጣል፤ ከላይ ሲታን፣ ከታች ናሱን። ዝም ከተባለ የላይኛው ይከፈታል። ሲታን ይህቺን የላይኛዋን ቦታ ከወርቅ ጉትቻዋ አስበልጣ ነበር የምትወዳት።

አንድ ሐሙስ፣ ከወንዙ ማዶ ሄዳ ሸክላ ሠሪ አሮጊቶችን የቀረጸችውን ለነገው ላሰናዳ ብላ ኮምፒውተሩን ብትከፍተው ስሟ የለም። ቀጥ ብሎ የናሱን ጥልፍ ውስጥ ገባ።

«አስወጣችኝ!» ግቢው ተናወጠ።

«እቴቴ፣ አፈር ስሆን፣ እኔ ምንም አልነካሁ! ጠዋት ‹ልታደስ?› አለኝ፣ እሺ አልኩት።»

«በዚህ ቤት እሺ የሚባለው እኔ ስጠየቅ ነው!»

የማብሰሉ ተራ የናሱን ነበርና ሲታን ምሳዋን አልቀምስም ብላ ከመንገድ የአደንጓሬ ንፍሮ አስመጣች። ሊጠግን የተጠራው ቡራማ የደረሰው አፏን ሞልታ ሳለ ነው። የዲያራና የትራኦሬ ዘሮች ደግሞ እየተሰዳደቡ ሲቀላለዱ አይቀያየሙም፤ ከአያት የወረደ ነው።

«አያችሁ! ትራኦሬ አደንጓሬ በላተኛ ነው ስል ስም አጥፊ ትሉኛላችሁ!»

«ዝም በል አንተ ሎሌዬ! አሮጊቶቼን አምጣ። ነገ ሬድዮው ላይ ቁጭ ብዬ ላስነጥስ?»

ቡራማ የያዘውን ፍላሽ ሰክቶ ትንሽ ነካካና ሳቀ። «ቤትሽም አለ፣ አሮጊቶቹም አሉ። የጠፋው በሩ ነው። የእሷ ሲስተም ሲታደስ ሌላ ሰው አብሮት መኖሩን ረስቶ መግቢያውን ለራሱ አደረገው። ሙሽሪት ምን አጠፋች? ደግሞስ ያን ሁሉ አደንጓሬ ተሸክመሽ አንቺን ማን ገፍቶ ያስወጣሻል?»

ሌላ ሰው ቢለው ዘነዘና ያርፍበት ነበር። ከዲያራ አፍ ሲወጣ ግን መሳቅ ብቻ ነው። ሲታን ሳቋን ልትችለው ሞከረች፤ አልቻለችም፤ ንፍሮው ትን አላት። ናሱን ውኃ ይዛ ሮጠች፤ ጀርባዋንም መታ መታ አደረገችላት። ትንታው ሲበርድ ቡራማ በሩን መልሶ ቀረጻውን ከፈተው፤ ከኮምፒውተሩ አንዲት አሮጊት ጭቃ እንዴት እንደሚቦካ ማውራት ጀመረች። ሲታን እንባዋን ጠርጋ፣ «ሙሽሪት፣ ከዚያ ምሳ የተረፈ አለ?» አለች።

ዓርብ አሮጊቶቹን ሁላችንም ሰማናቸው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ «ልታደስ?» ባለ ቁጥር ናሱን በግቢው መሃል ትጮኻለች፦

«እቴቴ! ልታደስ ይላል!»

«ማን ፈቀደለት? ይቆይ!»

ቡራማ ኮምፒውተሩ ሳይታደስ አረጀ እያለ ያማርራል። የሚሰማው የለም።